ስትገላበጥ አይሰማህም?

ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰው በጠራራ ፀሐይ መጋረጃውን ዘግቶ፣ በጀርባው ተንጋሎ ስለ ድሪቶ ማሰቡ የሚያስከብር ነገር እንዳልሆነ አላጣሁትም። ሌላው ስደተኛ እንቅልፍ ሲያጣ ስለ ነፃነትና ስለ ሰው ልጅ ዕጣ ፈንታ ያስባል ይባላል፤ እኔ ግን አፈጣጠሬ ዝቅ ያለ ሆኖ ይኸው ስለ እራፊ ጨርቅ አስባለሁ። ይቅርታውን የምጠይቀው ጣሪያውን ነው። ክፍሉ ውስጥ ከእኔና ከእሱ በቀር ሰሚ የለም፤ እሱም ነጭ ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ አንድ ጥግ ላይ ውኃ የገባበት ቢጫ ምልክት አለበት፤ አራት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት ተፋጥጠን ስለኖርን አንዳችን የሌላችንን ነውር እናውቃለን። የሰፈሩን አዳራሽ የማጸዳ ሰው ነኝ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እገባለሁ፣ ረፋድ አራት ሰዓት እወጣለሁ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ምሳውን ሲበላ እኔ እተኛለሁ። ዛሬ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የከለከለኝን ነገር ኋላ እደርስበታለሁ፤ አሁን ካነሣሁት ታሪኩ በእግሩ ይወለዳል፣ እናትየውም ትጎዳለች።

እናትየው ያልኩት የእኔን ነው። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። በረንዳው ላይ በእግር የምትረገጥ መኪናዋን ዘርግታ የመንደሩን ዩኒፎርም፣ ቱታና ጉርድ ቀሚስ ትሰፋለች፤ የተረፈውን እራፊ በጆንያ ታጠራቅምና ሥራ ሲቀዘቅዝ ድሪቶ ትሠራበታለች። ድሪቶ የመኪና ሥራ አይደለም ትላለች፣ የመርፌ ነው። እኔ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የጨረስኩትን ደብተር በመቀስ እቆርጣለሁ፤ ሁሉም ቁራጭ አንድ ልክ መሆን አለበት፤ እሷ ወረቀቱን ጨርቅ ታለብሰዋለች፣ ጠርዙን አጥፋ በክር ታስረዋለች፣ ከዚያ ቁራጩን ከቁራጭ ታጋጥማለች፤ ቅርጹ ሲጸና ወረቀቱ ተመዝዞ ይወጣል። «አንተ ልጅ፣ ይቺኛዋ ሰፋች» ትለኛለች ሳታይ፣ በጣቷ ብቻ ነክታ። «ከሒሳብ ደብተርህ ነው የቆረጥካት፤ ሒሳብህም እንደዚሁ ነው።» ከላይ እራፊው፣ ከሥር ገበሩ፣ መሀል የተዳመጠው ባዘቶ፤ ሦስቱን አንድ ላይ ትወጋና የማይለቅ ነገር ይሆናል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ማወቄን ያዙልኝ፤ እንደማላውቅ ሆኜ የምምልበት ቦታ ይመጣል።

ልሄድ ስል ድሪቶ ሰጠችኝ። እንደ ሌሎቹ አይደለም፤ ከቤታችን ሰው ልብስ ብቻ የተሠራ ነው። ሻንጣዬን አንድ ሦስተኛ በላ። «ብርድ አለ አሉ» አለች፣ ሌላ ምንም አላለች። ደርሼ በመጀመሪያው ሳምንት ያስገቡኝ ማረፊያ ውስጥ አልጋ ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ብርድ ልብስ ተነጥፎበታል፤ ሰው ሁሉ ተመሳስሏል፤ እኔ ብቻ ሻንጣዬን ስከፍት ያ ዝንጉርጉር ጉድ ተነሥቶ እንደ ዘመድ ሊያቅፈኝ መጣ። አጠገቤ የተኛው ሰውዬ አየውና አንገቱን አዞረ። አንገቱን ያዞረው ጥርሱን ሊፍቅ ይሁን ሊታዘበኝ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም፤ እኔ ግን አፈርኩ። ስደተኛ መሆን አንድ ነገር ነው፣ ድሪቶ ለባሽ ስደተኛ መሆን ግን ሁለት ጊዜ መሰደድ ነው። ከአንድ አዳራሽ ጀርባ ሰው አሮጌ ልብስ የሚለግስበት የብረት ሣጥን አይቼ ነበር። ድሪቶውን ወደዚያ ወሰድኩት። የሣጥኑ አፍ ጠባብ ስለሆነ እንደ ትራስ ጠቅልዬ በጉልበቴ ገፋሁት፤ ወደ ውስጥ ሲወድቅ ድምፅ አሰማ፤ እኔም ቀለለኝ። በዚያው ምሽት እናቴ ደወለች።

«ድሪቶህን ለበስከው?»

«አዎ እማዬ።»

«ሞቀህ?»

«በጣም።»

«ስትገላበጥ አይሰማህም?»

«ምኑ?»

«እኔ እንጃ። ምንም?»

«ኧረ ምንም፣ እንደ ላባ ነው።»

«በል እሺ» አለች፤ «ተኛ የኔ ጌታ።»

ከዚያ ጀምሮ እሑድ በመጣ ቁጥር ይኸው ነው። ለበስከው ወይ፣ ሞቀህ ወይ፣ ስትገላበጥ አይሰማህም ወይ። እርጅና ነው ብዬ ደመደምኩ፤ እሷ አንድ ጥያቄ በያዘች ቁጥር እኔ ያንኑ መልስ እሰጣለሁ፤ መልሱ ብቻውን ብርድ እንዳይመታው ደግሞ አንድ አንድ ነገር እጨምርበታለሁ። ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። አንዱ ጠርዝ ተተርትሮ ጠቀምኩት። የቤቱ ባለቤት መጥታ «ይሄን የሚያህል ሙያ!» ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የትኛዋ ባለቤት? የቤት አከራይ ናት አልኳት፤ የቤቱ አከራይ ኩባንያ እንጂ ሴት አለመሆኑን እናቴ ከየት ታውቃለች? በየሳምንቱ አንድ እራፊ እየቀጠልኩ እኔም የራሴን ድሪቶ ሠራሁ ማለት ነው፤ ከእሷ የሚለየው ገበር ስለሌለው ብቻ ነው።

እግዚአብሔር ቀልድ ይወዳል። ሥራ አገኘሁ ብዬ እንዳልደሰት ያገኘሁት ሥራ ያ ሣጥን ከጀርባው የቆመው አዳራሽ ሆነ። ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ አዳራሹ ውስጥ የስፌት ማኅበር ይሰበሰባል፤ ሰባት ሴቶች ናቸው፤ ሊቀ መንበሯ ጡረታ የወጣች የጥርስ ሐኪም ናት። መርፌ ስትይዝ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳያውቀው አፉን ይከፍታል። መወልወያዬን ይዤ ጥግ ላይ ቆሜ የመጀመሪያውን ቀን አይቻቸው ደርቄ ቀረሁ። ከሱቅ የመጣ፣ ሽታው ያለቀቀ፣ ሠላሳ ቀሚስ የሚወጣው ደህና ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፤ ዕቃ ሊባርኩ መስሎኝ ነበር። ሐኪሟ መቀሷን አነሣችና ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆራረጠችው። ከዚያም ሰባቱም ተቀምጠው መልሰው መስፋት ጀመሩ። እኔ ባደግኩበት ቤት ጨርቅ የሚቆራረጠው ሲያልቅ ነው፤ እነዚህ ግን ሲጀምር ይቆራርጡታል። ያመማቸው መስሎኝ አዘንኩላቸው። ኋላ ግን እየዋለ ሲያድር፣ ከጠረጴዛው ሥር እየወለወልኩ የምሰማው ነገር እያስደነገጠኝ ሄደ፤ ሐኪሟ ስትሰፋ ታስተምራለች። ድሮ ወታደር ከብረት ልብሱ ሥር የተጠቀጠቀ ድርብ ጨርቅ ይለብስ ነበር አለች፤ ብረቱ ሰይፉን ይመልሳል፣ ድርቡ ብረቱን ይመልሳል። የቆሰሉ ወታደሮች ሐኪም ቤት ተኝተው ከዩኒፎርም ቁራጭ አልጋ ልብስ ይሰፉ ነበር አለች፤ እጃቸው እንዳይንቀጠቀጥ። ባሏ የሞተባት ሴት ሸሚዙን ቆራርጣ ትለብሰዋለች። ወረቀት ውድ በነበረበት ዘመን ሴቶች ደብዳቤ እየቆረጡ በጨርቁ ሥር ያስገቡ ነበር፤ አንዳንዱም ሳይወጣ ይቀራል፤ ስንት የፍቅር ደብዳቤ፣ ስንት የዕዳ ወረቀት መቶ ዓመት የሰው ገላ ሲያሞቅ ኖሯል! ሴቶቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔም በወለሉ በኩል እነቀንቃለሁ። እናቴ ይህን ብትሰማ ሒሳብ ታስከፍላቸው ነበር እላለሁ በሆዴ፤ ለቀባሪ አረዱት ማለት ይኸው ነው።

ካለፈው ወር በፊት በነበረው ወር አንድ ማክሰኞ በሩን ከፍቼ እገባለሁ፤ መብራቱን አበራለሁ፤ ግድግዳው ላይ ድሪቶዬ ተሰቅሏል። ሌላ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ስከፍተው እሱው ነው። የአባቴ ሰማያዊ ቱታ አለ። የእህቴ የሠርግ ማግስት ቀሚስ አለ። ከላዩ ትንሽ መብራት በርቶለታል፣ ከፊቱ «አትንኩ» የሚል ገመድ ተዘርግቶለታል፤ እኔ ራሴ በዚህ አገር መብራት በርቶልኝ አያውቅም። አጠገቡ መግለጫ ተለጥፏል፤ መወልወያዬን እንደ ምርኩዝ ይዤ አነበብኩት። «ሰፊዋ ያልታወቀች። ቢጫዎቹ ቁራጮች የንጋትን ተስፋ ያመለክታሉ። መሀል ላይ ያለችው ጠማማ ቁራጭ ሆን ተብላ የተጣመመች ናት፤ ፍጹም የሆነው ፈጣሪ ብቻ ነውና የጥንት ሰፊዎች ከትሕትና የተነሣ አንድ ስሕተት ይተዋሉ።» የንጋቱ ተስፋ የእኔ ሙታንታ ነው! ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ እለብሰው የነበረው፣ ገመዱ የላላው! እናቴ ደግሞ በሕይወቷ ውስጥ ሆን ብላ የተጣመመ ነገር ሠርታ አታውቅም፤ የተጣመመ ነገር ካየች ባለቤቱን ነው የምታቃናው። መወልወያዬን ይዤ እንደቆምኩ ሐኪሟ ነጭ ጓንት አድርጋ መጣች።

«ደነቀህ አይደል?» አለችኝ። «ከአራት ዓመት በፊት ከልገሳው ሣጥን ያወጣነው ነው። እስካሁን ስናጠናው ነበር። ምናልባት ከእናንተ አካባቢ ይሆን?»

«አይመስለኝም።»

«እንደዚህ ዓይነት ስፌት አይተህ አታውቅም?»

«ኧረ እኔ!»

«እናትህስ፣ ትሰፋ ነበር?»

«እናቴ?» አልኩ። «እናቴ መርፌም አታውቅ።»

ሦስት ጊዜ ነው። መካዴን ቆጥሬዋለሁ። ዶሮ አልጮኸም፤ በዚህ ሰፈር ዶሮ ማርባት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ማንም ሳይገሥጸኝ ባልዲዬን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር በሥሩ እወለውላለሁ፤ ቀና አልልም። ሰው የገዛ ቱታውን ሳይሆን የአባቱን ቱታ ሰላም ሳይል ሲያልፍ እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል።

በዚህ ላይ ደብዳቤ መጣ። የመኖሪያ ፈቃዴ ሊታደስ ነው፤ ሐሙስ በአምስት ሰዓት መስኮት ቁጥር ዘጠኝ። መስኮት ቁጥር ዘጠኝ ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ ቀድሜ አውቀዋለሁ፤ ከአንድ ቃል በቀር ሲናገር ሰምቼው ስለማላውቅ «ኦሪጅናል» ብዬዋለሁ። ቀደም ባለው ቀጠሮ የልደት ወረቀቴን ግልባጭ ሰጠሁት። በሁለት ጣቱ አነሣው፣ ወደ መብራት አደረገው። «ኦሪጅናል» አለ። ኦሪጅናሉ አገር ቤት ነው አልኩት። «ኦሪጅናል» አለ። እኔ ራሴ እኮ ፊትህ ቆሜአለሁ፣ ከእኔ የበለጠ የመወለዴ ኦሪጅናል ከየት ይመጣል አልኩት። ትንሽ አሰበበት፤ እውነቴን ነው፣ አሰበበት። ከዚያ «ኦሪጅናል» ብሎ መስኮቱን ዘጋ። ደብዳቤው የሚለውም ይኸንኑ ነው፦ በሐሙሱ ቀጠሮ ካልቀረበ ፋይሉ ይዘጋል። ፋይል ሲዘጋ ሰውየው ውጭ ይቀራል፤ ውጭ ማለት ደግሞ ከአገር ውጭ ነው። ሰኞ ዕለት፣ ቀኔ ሳይሆን፣ እናቴ ጋ ደወልኩ። ሰኞ ስለደወልኩ በመጀመሪያ የጠየቀችኝ «ማን ሞተ?» ብላ ነው።

«ማንም አልሞተም። የልደት ወረቀቴ ኦሪጅናሉ የት ነው ያለው?»

«አንተ ጋ ነዋ።»

«እኔ ጋ ግልባጩ ነው ያለው።»

«ግልባጩንስ ተወው። ዋናው አንተ ጋ ነው። ድሪቶህ ውስጥ ሰፍቼዋለሁ።»

አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። ቀድሞም ተቀምጬ ነበር፤ እንደገና ቁጭ አልኩ።

«ምን አልሽኝ?»

«ምን ታረገኛለህ? ወረቀት ይጠፋል። ቦርሳ ይሰረቃል፣ ሻንጣ ይቀየራል፣ አልሰማህም የሰውን? እናቱ የሰፋችለትን ልብስ የሚጥል ልጅ ግን የለም ብዬ በላስቲክ ጠቅልዬ ከሥሩ አስገባሁት። መሀል ላይ ጠማማ አለች፤ ሌሎቹ ቀጥ ብለው እሷ ብቻ ዘመም ያለች። እንድትለያት ብዬ ነው ያጣመምኳት። እሷን ፍታት።» ቀጠል አድርጋ «አጠገብህ አይደል?» አለች።

«አዎ... እዚሁ እላዬ ላይ ነው።»

«በል እሺ። አትቸኩል። ቀስ ብለህ ፈልገው።»

እላዬ ላይ ያለን ነገር ለምን ፈልገው እንዳለችኝ ያን ጊዜ ልብ አላልኩም፤ ልብ የነበረበት ቦታ ባዶ ነበር። ያን ቀን እንደ ዛሬው በጀርባዬ ተንጋልዬ የቤት አከራዩን ኩባንያ ግራጫ ብርድ ልብስ እስከ አገጬ ስቤ አስባለሁ። መስረቅ አለ፤ ቁልፍ አለኝ። መስረቁን እየመዘንኩ ሳለ ግን አንድ ሌላ ነገር ብልጭ አለብኝና ከአልጋዬ ዘለልኩ፦ አጥበውት ቢሆንስ? ከሣጥን የወጣ አሮጌ ጨርቅ የማያጥብ ሰው የትኛው ነው? እኔ ራሴ ባስቀረው ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት የጋራው ማጠቢያ መኪና ውስጥ ከትቼ፣ በፈላ ውኃ አዙሬ፣ የመወለዴን ማስረጃ ከአባቴ ቱታ ጋር አቡክቼው ነበር። ላስቲኩ ይቀልጣል፣ ማኅተሙ ይሟሟል፣ እኔም እሟሟለሁ።

ማክሰኞ ሴቶቹ እስኪሰበሰቡ ጠበቅኩ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። መወልወያዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ ቆቤን አውልቄ፣ «ያ ድሪቶ የእኔ ነው» አልኩ።

መርፌ ሁሉ ቆመ። ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች።

«አላውቀውም አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«ሦስት ጊዜ ነው ያልከኝ።»

«እርስዎም ቆጥረዋል?»

«ሠላሳ ስድስት ዓመት ጥርስ ቆጥሬአለሁ» አለች። «አሁን ዋጋ ሲያወጣ የአንተ ሆነ? ማስረጃ አለህ?»

ማስረጃዬ ውስጡ ነው ብል ማን ያምናል? ጣቴን አነሣሁና ከገመዱ በዚህ ወገን ቆሜ መቁጠር ጀመርኩ። ይህ ሰማያዊ አባቴ ጋራዥ ሲሠራ የለበሰው ቱታ ነው፤ ጥቁሯ ነጥብ ዘይት ናት፣ እናቴ ስታጥባት ኖራ አልለቅ ስላለች «እንግዲህ የእሱ ማኅተም ናት» ብላ ተወቻት። ይህ አበባ የእህቴ ነው። ይህ ባለመሥመር አጎቴ ታስሮ ሲፈታ የወጣበት ሸሚዝ ነው። ይህች ወፍራሟ ካኪ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜ ናት፤ እዚህ ጋ ኪሱ የነበረበት ቦታ ደመቅ ያለ ነው፤ ኪሱን ያስወለቀችው ድንጋይ ስለምሞላበት ነው። ሴቶቹ አንድ በአንድ ተነሡ። ገመዱን ማን እንዳወረደው አላየሁም። «ቢጫውስ?» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ፤ መግለጫውን የጻፈችው እሷ ናት። ለመዋሸት አፌን ከፈትኩ። የንጋት ተስፋ ነው ማለት እችል ነበር፤ ለእናቴ አራት ዓመት ስዋሽ ለእሷ አንድ ቀን ብጨምር ማን ይጎዳል? «ሙታንታዬ ነው» አልኩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። እዚህ ጋ የገመዱ ስፌት ምልክት ይታያል።» ጎንበስ ብላ አየችው። የገመዱ ስፌት ምልክት ይታያል። ሰባት ሴቶች ቆመው ሙታንታዬን በዝምታ ተመለከቱ፤ ከዚያች ቀን ወዲህ የሚያስደነግጠኝ ነገር ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ተሳስቻለሁ።

ስለ ወረቀቱ ነገርኳቸው። «አጥባችሁታል?» ብዬ ጠየቅኩ።

ሐኪሟ ፊቷ ነጣ። ከእኔ በቀር ሌላ ሰው ሲደነግጥ በዚያ አዳራሽ ያን ቀን ገና አየሁ። «መታጠብ?» አለች። «የሰው እጅ ሥራ? ምን ዓይነት ሰዎች አደረግከን?»

«ታዲያ ብል እንዳይበላው ምን አደረጋችሁት?»

«ማቀዝቀዣ ውስጥ ነዋ! በላስቲክ ታሽጎ ሁለት ሳምንት። ቤቴ፣ ከአተሩ ጋር። ብሉም ዕንቁላሉም ይሞታል፣ ጨርቁ አይነካም።»

የእናቴ ድሪቶ ከአተር ጋር በረዶ ሆኖ ሁለት ሳምንት! እነዚህን ሴቶች ስንት ጊዜ በሆዴ ስቄባቸዋለሁ፤ በጓንታቸው፣ በገመዳቸው፣ በንጋት ተስፋቸው። እኔ በጨዋ ደንብ ብይዘው ኖሮ አጥቤ እገድለው የነበረውን ነገር እነሱ በከንቱ ክብራቸው አዳኑልኝ። ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት። ሐኪሟ ግንባሯ ላይ መብራት አሰረች፣ ጫፏ ሹል የሆነች መፍቻ አወጣች፣ ወደ እኔ ዞር ብላ ከልማድ ይመስለኛል «ትንሽ ይቆነጥጥሃል» አለችኝ። ጠማማዋን በአንድ ጎኗ ብቻ ፈታቻት። ላስቲኩ ብቅ አለ። አገር ቤት ስኳር የሚቋጠርበት ዓይነት ነው። ውስጡ ወረቀቱ፣ ሐምራዊ ማኅተሙ፣ የመዝጋቢው የተንጋደደ እጅ ጽሑፍ፤ ሕያው ነኝ፣ ተወልጃለሁ። «እዚህ ሌላም አለ» አለች ሐኪሟ ጣቷን ወደ ጎረቤት ቁራጭ ሰድዳ። ከጨርቁ ሥር መሥመር ያለው ወረቀት። ከዚያኛውም ሥር። ሁሉም ሥር። «ይህ ምን ይላል?» አለችኝ፣ ድምጿን እንደ ቤተ ክርስቲያን ሰው ቀንሳ። አነበብኩት። ከሒሳብ ደብተሬ ነው፤ ከአሥር ሁለት። «የድሮ ጽሑፍ ነው» አልኳት፣ «ስለ ትሕትና ነው።» ይህችን አንዷን እንኳ ፍቀዱልኝ።

እንዳይለቅ አድርጋ በራሷ እጅ መልሳ ሰፋችው፤ ከእናቴ ስፌት ጋር ለየሁት፣ የእሷ ይጠባል። መግለጫውን ከግድግዳው አንሥታ እስክሪብቶ አወጣች፣ «ሰፊዋ ያልታወቀች» የሚለውን ሰረዘችና «ስሟን ንገረኝ» አለች። ነገርኳት። ፊደል በፊደል አስጠራችኝ። ከዚያ ድሪቶውን አጥፋ ክንዴ ላይ አኖረችው፤ ግድግዳው ላይ መግለጫው ብቻውን ቀረ። «የግድግዳ አይደለም» አለች፣ «የአልጋ ነው። ካጠብከው ግን እሰማለሁ።»

ሐሙስ፣ አምስት ሰዓት፣ መስኮት ዘጠኝ። አቀረብኩ። ሰውዬው ወደ መብራት አደረገው። ዙሪያውን የመርፌ ቀዳዳ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ቃል ተናገረ፤ «ይህ ቀዳዳ ምንድነው?» አለ።

«እናቴ ሰፍታው ነበር።»

«የት ላይ?»

«እኔ ላይ።»

ብዙ አሰበ። ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ሣጥን ፈለገ፣ አጣ፣ «ሌሎች» በሚለው ሥር «ተሰፍቶ የነበረ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ማኅተሙን አነሣ። ጓ! «ኦሪጅናል» አለ፤ እምልላችኋለሁ ፈገግ ብሎ ነው።

ይኸው ዛሬ ዓርብ ነው፣ ፀሐዩ ጠራራ ነው፣ ከሥራ ገብቻለሁ፣ መጋረጃውን ዘግቻለሁ። ግራጫውን ብርድ ልብስ አጥፌ ወንበር ላይ አስቀመጥኩና ድሪቶውን ለበስኩት። በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ከብዶ ይወርዳል፣ እንደ ሰው ክንድ። ዓይኔ ሲከደን ይታወቀኛል። ደህና ነኝ። ወደ ቀኜ ዞር አልኩ።

ኮሽ።

አይጥ መስሎኝ ቁጭ አልኩ። ኮሽ፣ ኮሽ ኮሽ። ተኛሁ፤ ዝም አለ። ወደ ግራዬ ዞርኩ፤ ከአገጬ እስከ እግሬ ጫፍ ሁሉም ቁራጭ አንድ ላይ ተንኮሻኮሸ፤ የሒሳቡ፣ የሳይንሱ፣ የግብረ ገቡ፣ ያ ሁሉ ደብተር። ሌላውን ድሪቶ ስትሠራ ትመዝዘው የነበረውን ወረቀት በዚህኛው አንዱንም አላወጣችም። አልጋው እንደ ክፍል ተማሪ ያንሾካሹካል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ስትገላበጥ አይሰማህም? አራት ዓመት፣ በየእሑዱ። እንደ ላባ ነው እማዬ። ፀሐይ ላይ አሰጣሁት እማዬ። የቤት አከራይዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች እማዬ። ስልኩን አነሣሁ። ቀኑ ዓርብ ነው፤ ግን «ማን ሞተ?» አላለችኝም።

«አገኘኸው?» አለች።

«እማዬ... ይንኮሻኮሻል።»

«እህ» አለች። ረጅም «እህ» ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከመጀመሪያው ምሽት። ለብሰኸው ቢሆን ኖሮ ‹እማዬ ይሄ ምን ይንኮሻኮሻል› ሳትለኝ ታድር ነበር? አንተ እኮ ትንኝ ስትበር የምትነቃ ልጅ ነህ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ብናገርህ ታፍራለህ። ካፈርክ ትተዋለህ፣ መደወሉን። ለመዋሸትም ቢሆን እሑድ እሑድ ድምፅህን እሰማ ነበር።» ከኋላዋ የስፌት መኪናዋ አይሰማም፤ አቁማዋለች ማለት ነው። «የቤት አከራይዋንም ወድጃት ነበር» አለች።

«ወረቀቱ ጠፍቶ ቢሆንስ ኖሮ?»

«መዝገብ ቤት ሄጄ ሌላ አስወጣልህ ነበር። የግማሽ ቀን ሰልፍ ነው።»

«እማዬ! ታዲያ ሰኞ ለምን አልነገርሽኝም? ነፍሴ እኮ ወጥታ ነበር!»

«ድሪቶዬን ፈልገህ አታመጣውማ» አለች። «በል እስቲ» አለች ቆይታ፣ «ስልኩን ወደዚያ አድርገውና ተገላበጥ።»

ስልኩን ደረቴ ላይ፣ ከጠማማዋ ቁራጭ አጠገብ አስቀመጥኩት። ወደ ቀኜ ዞርኩ። ኮሽ አለ። ወደ ግራዬ ዞርኩ። ሁሉም ተንኮሻኮሸ። እናቴ እዚያ ማዶ ሆና አዳመጠች፤ በመጨረሻም «እሱ ነው» አለች። «አሁን ተኛ።»

ዘጋች። አልተኛሁም እንጂ። እንቅልፍ የከለከለኝ ይኸው ነው፤ በተነፈስኩ ቁጥር ይናገራል። እንግዲህ አንተ ጣሪያ፣ አራት ዓመት የነገርኩህን ሁሉ በሆድህ ይዘሃል፤ ይህንንም ያዝልኝ። ከላይ የሚኖረው ሰውዬ ጀርባህ ላይ ሲመላለስ ትሰማለህ፣ እሱም ይሰማሃል፤ እሱ ደግሞ ሐኪሟን ያውቃታል። ስለ ሒሳቡ ውጤት፣ ስለዚያች ከአሥር ሁለት፣ ለእሱ እንዳታወራ፤ ሴቶቹ ዘንድ አሁንም ትሕትና ነው።